ጠርዙ ላይ የሚቆም ሰው

እኔና አንተነህ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር መነጽር መወልወል ነበር። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ትልቁን ሳፋ መሃላችን አስቀምጠን ተቀመጥን። እሱ ጥጡን አልኮል እያስነካ የመነጽሮቹን ውስጥ ይጠርጋል፤ እኔ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ማሰሪያቸውን አሻለሁ። መነጽር ስል የማንበቢያውን ማለቴ አይደለም። ዓይንን ከነግንባር የሚሸፍን፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚጠብቅ፣ ከበድ ያለ ነገር ነው። ከገጠር የመጡ ሴቶች ያደረጉት እንደሆነ ማሰሪያው ቅቤ ይጠጣል። አንተነህ ቅቤ የነካውን ባገኘ ቁጥር ወደ አፍንጫው ያስጠጋና፣ «ይቺ ከአዴት የመጣች ናት»፣ «ይቺስ ሠርግ ላይ የዋለች ናት» ይል ነበር። ያን ቀንም አለ። እኔም የዘወትር መልሴን መለስሁለት፤ «አፍንጫህን ከሰው ሚስት ራስ ላይ አንሣ» አልሁት። ሳቀ። ሳፋውን በፎጣ ሸፍኖ ባጃጅ ላይ ጫነና ወደ ሐይቁ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ይህን መጻፍ ከጀመርሁ ቆየሁ። ጥቂት መስመር እጽፍና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዚያ ብዙ ቀን አላየውም። የሚከብደኝ ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ሟች ሲወራ ሰው መስማት የሚፈልገው ደግነቱን ነው። እኔ የማልረሳው አንተነህ ግን አንድ ቀን ክፉኛ ያስፈራኝ ሰውም ነው።

በለቅሶው ላይ የዕድራችን ዳኛ ስለ እሱ ሲናገሩ «በኮምፒውተር ሥራ ይተዳደር ነበር» ብለው አለፉ። ውሸት አይደለም። አንተነህ አኒሜተር ነበር። የተሣለን ሰው፣ ወፍ፣ ጀልባ ነፍስ እንዳለው አድርጎ ያንቀሳቅሳል። ባልደረቦቹ የሚጨነቁት ለመልክ ነው፤ እሱ የሚጨነቀው ለክብደት ነበር። አንድ ጊዜ ውኃ የሞላውን ጀሪካን አሸክሞኝ ከበር እስከ ጓዳ አስኬደኝ፤ በስልኩ ይቀርጸኛል። ቀጥሎ ባዶውን ሰጠኝና የሞላ አስመስዬ እንድሄድ ጠየቀኝ። የምችለውን ያህል አጎንብሼ ሄድሁ። ቪዲዮውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እግርሽ እውነቱን ተናገረ፤ ትከሻሽ ዋሸ» አለኝ።

ከአፉ የማትጠፋ አንዲት አባባል ነበረችው፤ «ለመነሣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዝቅ ይላል።» ሰው ከወንበር ሲነሣ አስተውሉ። ወደ ላይ ከመሄዱ በፊት ጎንበስ ይላል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ክብደቱ ወደ እግሩ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ አኒሜተር የሠራው ሰው በገመድ እንደተጎተተ አሻንጉሊት ብድግ ይላል። ስለዚህ አንተነህ ሰው ቤት ሲገባ ከፊት ይልቅ ጉልበት ነበር የሚያይ። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ዕለት፣ «ጨዋ ልጅ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አያይም» አለችኝ። ጉልበቷን እያየ መሆኑን አልነገርኋትም። ከዚያ በኋላማ ቤታችን ውስጥ መነሣት አልቻልሁም። ገና ሳስብ «ልትነሺ ነው» ይለኛል።

ጀማል የሚባል የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነው ወደዚህ ሥራ ያስገባው። ለጀማል አባቱ ሐጂ የጨርቅ ሱቅ ሊከፍቱለት ሲሉ፣ ሱቁ ይቅርብኝ ብሎ በዚያ ገንዘብ መነጽርና ኮምፒውተር ገዛ፤ ፔዳ ሰፈር ካለ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ሰበሰበ። የሚሠሩትን ነገር ቅይጥ እውነታ ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። መነጽሩን ያደረገ ሰው እውነተኛውን ሐይቅ፣ እውነተኛውን ሰማይ፣ አጠገቡ የቆመውንም ሰው ያያል፤ በዚያ ላይ የሌለ ነገር ይጨመርለታል። ለሕዝብ ያቀረቡት ዝግጅት «የጠዋት ታንኳ» ይባላል። ቦታው ድሮ ጀልባ ይቆምበት የነበረ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ያለ፣ ጠርዙ ውኃው ላይ የሚያልቅ የድንጋይ ንጣፍ ነው። መነጽሩን ያደረገ ሰው በንጣፉ ላይ ሆኖ ወደ ሐይቁ ሲያይ ጉም ይወርዳል፤ ይብራ የሚባለው የውኃ ወፍ ያልፋል፤ ጉማሬ ጆሮውን ብቅ ያደርጋል። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የደንገል ታንኳ ይመጣል። አንድ ሰው ይቀዝፋል፤ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ታንኳው አፍንጫውን ድንጋዩ ላይ ያስጠጋል። ቄሱ ይነሡና መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው ለተመልካቹ ይዘረጋሉ። በዚያ ያልቃል።

የቄሱን ፊት ልጆቹ ከብዙ ሰው ፊት ቀላቅለው ሠሩት። እጁን ግን አንተነህ ለማንም አልሰጠም። አባቱ ቄስ ይርጋ ዘጌ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት በታንኳና በድንጋይ መሃል ገብቶ ተሰብሮ ስለነበር አይታጠፍም። መስቀል ሲያሳልሙ እጃቸው በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንተነህ የወጥ ማማሰያዬን እንደ መስቀል ይዞ፣ አውራ ጣቱን አድርቆ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ በስልኩ ራሱን ሲቀርጽ ይውል ነበር። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አልሁት። «ማማሰያው ነው እንጂ እጁ እኮ የቄስ ነው» አለኝ።

ቀዛፊውም ራሱ ነው። በረንዳው ላይ ተንበርክኮ በመጥረጊያ እንጨት አየር ሲቀዝፍ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል።

ጀማል በመስቀሉ ነገር ጥንቁቅ ነበር። «የእናንተን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ፤ ብቻ ሰው እንዳይቀየም» ብሎት ነበር። አንተነህም ቢሆን ያሰበው ቅያሜውን ነው እንጂ ሰው ሊሳለም ይራመዳል ብሎ አይደለም። ልጆቹ በፔዳው ክፍል ውስጥ ደጋግመው ሞከሩት። ምኑ ከምን እንደተሠራ ስለሚያውቁ፣ መስቀሉ ሲዘረጋላቸው አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ያዛጋል። አንድም ሰው ወደ ፊት አልተራመደም።

ዝግጅቱ በሚመረቅበት ሳምንት መጀመሪያ ላይ መነጽሮቹን ወደ ሐይቁ አወረዷቸው። እኔም ሄጄ ነበር። በንጣፉ ጠርዝ ላይ ገመድ ተወጥሯል። እዚያው ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡትን እትዬ ዘውዴን ለምነው አስቆሟቸውና መነጽሩን አሠሩላቸው። እትዬ ዘውዴ ይብራውን አይተው ሳቁ፤ ጉማሬውን ሰደቡት። ታንኳው ሲመጣ ግን ዝም አሉ። መስቀሉ ዝቅ ሲል ነጠላቸውን አስተካከሉ። በግራ እጃቸው ገመዱን ከፍ አደረጉና፣ በንግሥ ቀን ሰው በቤተ ክርስቲያን ገመድ ሥር ጎንበስ ብሎ እንደሚያልፈው፣ አጎንብሰው አለፉ። አንድ እግራቸው ከድንጋዩ ሲወጣ አንተነህ ነጠላቸውን ከኋላ ይዞ ጎተታቸው።

እሳቸውን ጨምሮ ሁሉም ሳቀ። «ስጠብሰው የኖርሁት ዓሣ ዛሬ እኔን ሊጠብሰኝ ነበር» አሉ እትዬ ዘውዴ። አንተነህ አልሳቀም። ነጠላውን እንደያዘ ውኃውን ያያል። ከድንጋዩ በታች ለአንድ ጎረምሳ እስከ ደረቱ ይደርሳል፤ ታቹ ጭቃና የደንገል ሥር ነው። ዋና የማያውቅ ሰው፣ ያውም ዓይኑ ተሸፍኖ።

በማግሥቱ ጀማል ቤታችን መጣ። ምረቃው ቅዳሜ ነው። እንግዶች ተጠርተዋል። አባቱ ሐጂ፣ ሱቁን ምን እንዳደረገው በዓይናቸው ሊያዩ ከወረታ ይመጣሉ። ቅዳሜ ካልተከፈተ የዳርቻው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጀማል ለእኔ ስለነገረኝ ነው፤ አንተነህማ የሚሰማ አይመስልም ነበር።

«ገመዱን በሁለት እናድርገው» አለ ጀማል።

«ገመድ ለሚያየው ነው። መስቀል ያየ ሰው ገመድ አያይም።»

«ሰዎቹን ወደ ኋላ ብናርቃቸውስ?»

«ዋርካው ይጋርዳቸዋል።»

«እንግዲያው መስቀሉን አውጣው፣ ወንድሜ» አለ ጀማል።

 የአንተነህን ፊት እያየሁ ነበር። በመጨረሻ የቄሱን እጅ ከፍ አደርገዋለሁ አለ፤ ቄሱ ታንኳው ላይ እንዳሉ ከሩቅ ያማትባሉ፣ ሰውም ባለበት ቆሞ ይባረካል። ጀማል እፎይ ብሎ ሄደ።

ቀኑን ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ ሠራው። መብራት ሲሄድ ባትሪው እስኪያልቅ ይቀጥላል። ሲጨርስ አሳየኝ። ቄሱ ተነሥተው እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ያማትባሉ። እኔ ጥሩ ነው አልሁ። እሱ ግን ደጋግሞ አየውና፣ «ይሄ ትራፊክ ፖሊስ ነው» አለ። ከዚያ ሐሙስና ዓርብ አብዝቶ ዝም አለ። ምግብ አይበላም፤ ሳናግረው ዘግይቶ ይመልሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ የልብ ሕመም ስለነበረበትና በየወሩ መርፌ ስለሚወጋ፣ ልቡን ያመመው መስሎኝ ፈራሁ። ዓርብ ማታ ፊቱ ተፈታ። ቅዳሜ እኔ ራሴ ጠርዙ ላይ እቆማለሁ፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ አለኝ። «ጠርዙ ላይ የሚቆም ሰው መነጽር አያደርግም፤ ቢያንስ አንድ ሰው የሌለውን ነገር የማያይ መሆን አለበት።»

ቅዳሜ ሰዉ ብዙ ነበር። ወረፋ የሚጠብቀው እንዳይሰለች ዋርካው ሥር ትልቅ ቴሌቪዥን ተተክሏል፤ መነጽር ያደረገው ሰው የሚያየው እዚያ ይታያል። ንግግሩ ሳይጀመር ከዘጌ የሚመጣው ጀልባ ደረሰ። ጀማል ሮጦ ሄዶ አንዲት እማሆይን ደግፎ አወረደ። የአንተነህ እናት ናቸው። ቄስ ይርጋ ከሞቱ በኋላ መንኩሰው እዚያው ዘጌ ይኖራሉ። ጀማል ማንንም ሳያማክር ጠርቷቸዋል። «የእማሆይ ምርቃት ሳይኖር እንዴት ይከፈታል?» እያለ፣ ከአባቱ ከሐጂ ጋር ያስተዋውቃቸው ጀመር።

አንተነህ ከጠርዙ ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«እማ መነጽሩን እንዳታደርግ።»

«ለምን?»

«እንዳታደርግ አልሁሽ። አሟታል በያቸው።»

ለምን እንደፈራ አልገባኝም ነበር። እጁ ከፍ ብሎ የለም ወይ? ሆኖም ሄጄ፣ «እማሆይ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ አረፍ ይበሉ» አልኋቸው። «ልጄ ምን ሲሠራ እንደከረመ ልይ እንጂ» አሉኝ። ጀማል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የመጀመሪያዋ ተመልካች እማሆይ ናቸው ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ማን ይከለክላል? መነጽሩን ከቆባቸው ላይ ቀስ አድርገው አሠሩላቸው። አንተነህ ወደ ጠርዙ ተመልሶ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ቆመ። እጆቹን በሁለት በኩል ዘርግቶ ነበር።

እኔ ቴሌቪዥኑን አያለሁ። ጉሙ ወረደ። ይብራው አለፈ። ታንኳው መጣ፤ አንተነህ በቆመበት ላይ አፍንጫውን አስጠጋ። በቴሌቪዥኑ ላይ አንተነህ የለም፤ የተሣለው ታንኳ ሸፍኖታል። ቄሱ ተነሡ። እጃቸው ወደ ላይ እንዲወጣ ጠበቅሁ። አልወጣም። ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለና ወደ ታች ወረደ።

መልሶ አውርዶታል። ለማንም ሳይነግር፣ ለእኔም ሳይነግር።

እማሆይ ቆመው ቀሩ። ፊቱ የባላቸው አይደለም፤ የማያውቁት ሰው ፊት ነው። እጁን ግን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንደሚጠየቅ አድርገው፣ «መጡ እንዴ?» አሉ።

 እማሆይ ወደ ፊት ተራመዱ። ገመዱን በእጃቸው ከፍ አደረጉ። አንተነህ «እማ፣ እዚያው ቁሚ» አለ።

«ዝም በል ልጄ፤ አባትህ ናቸው።»

የአንተነህ ድምፅ ከፊት ለፊታቸው ነው የመጣ። ከእሱ ጋር የሚላተሙ መስሏቸው ወደ ቀኝ ዞሩ፤ በሕዝብ መሃል መስቀል ለመሳለም ሰው ሾልኮ እንደሚያልፈው፣ በእሱ ክንድና በጀልባ ማሰሪያው ብረት መሃል ገቡ። እኔ ወደዚያ እየሮጥሁ ነው፤ ሩቅ ነበርሁ። አንተነህ ወደ ፊታቸው አላየም። ወደ ጉልበታቸው አየ። ጉልበታቸው ዝቅ ሲል አየሁ፤ እሱም አየ። ከጎን ቢይዛቸው ሁለቱም በአንድ ላይ እንደሚወድቁ ገብቶታል። ወደ ኋላው፣ ወደ ውኃው ዘለለ። እማሆይ እግራቸውን አንሥተው በሌለው ታንኳ ላይ ሲያሳርፉ፣ እሱ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በትከሻው ተቀበላቸው።

ወድቀው አልሰጠሙም። እስከ ጉልበታቸው ረጠቡ እንጂ። ጀማልና ሁለት ልጆች ጎትተው አወጧቸው። ከኋላዬ ሐጂ «አጥፉት» ሲሉ ሰማሁና ዞርሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ እጅ አሁንም ዝቅ ብሎ ተዘርግቶ ነበር። ይጠብቃል። እስኪሳሙት ድረስ እንዲጠብቅ ነው የተሠራው።

እማሆይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው መነጽሩን ራሳቸው አወለቁ። ባዶውን ሐይቅ አዩ። ከዚያ ገና ከውኃው ያልወጣውን ልጃቸውን አዩ። አልተቆጡም። «አባትህ መስቀል ካሳለሙ በኋላ እጃቸውን ይመልሱ ነበር። ሰው ይበዛባቸዋል። አንተ ለምን አስቆምሃቸው?» አሉት።



ቤት ስንደርስ እማሆይን አልብሼ አስተኛሁና ወደ እሱ ወጣሁ። በረንዳው ላይ እርጥብ ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ተቀምጧል።

«መልሰህ አውርደኸው ነበር» አልሁት።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ከፍ ያለው እጅ የማንም ነው፣ ትርንጎ።»

«እናትህ ሰጥመው ቢሆንስ?»

«ቆሜ ነበር እኮ።»

«አንድ ሰው ነህ» አልሁት። «ነገ ስትታመም፣ ከነገ ወዲያ ስታዛጋ፣ የማን እናት ናት ውኃ የምትገባው?»

እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አባቱ ሲሞቱ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ሲደርስ ሐይቁ ተናውጦ ጀልባ አልተገኘም፤ ዘጌ ሲገባ ተቀብረዋል። ይህን አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር ነበር የደረሰው። ያ እጅ ማንን እንደሚጠብቅ ግን እስከዚያች ቀን አላሰብሁትም ነበር። አዘንሁለት። ቁጣዬ ግን አልወጣልኝም። ሁለቱንም ይዤ ነው ያደርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን በረንዳ ላይ አወጣ። እማሆይ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እሱ ይሠራል፤ እሳቸው ያያሉ፤ አልፎ አልፎ «ፈጠን ይላሉ»፣ «እንዲያ አይደለም» ይሉታል። ቄሱ አሁን ታንኳው ሳይጠጋ፣ ገና ውኃው መሃል እያለ ተነሥተው ያሳልማሉ፤ ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ወዲያው እጃቸውን ይመልሱና መስቀሉን ወደ ጋቢያቸው አስገብተው ይቀመጣሉ። ቀዛፊው ታንኳውን ያዞራል። ጉሙ ይውጣቸዋል። እማሆይ ይህን እስከ መጨረሻው አዩና «አሁን ሄዱ» አሉ። አንተነህ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ፊቴን ልታጠብ ብሎ ገባና ብዙ ቆየ።

ጀማል ቦታውን አልተነጠቀም። ሐጂ ራሳቸው ሄደው ለምነውለታል ሲባል ሰማሁ። ከሳምንታት በኋላ ያለ እንግዳ፣ ያለ ንግግር ተከፈተ። በገመዱ ፋንታ የእንጨት አጥር ተሠራ። ሆኖም አንተነህ መቆሙን አልተወም። ዝግጅቱ በሚታይበት ቅዳሜና እሑድ ሁሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ባለችው ጠባብ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ይቆማል። ጀማል «አሁን እኮ ማንም አይወድቅም፤ ግባና ሥራህን ሥራ» ሲለው፣ «ሳላስፈልግ ልቁም» ይለዋል። ጎብኚዎች ዘበኛ መስሏቸው «ጋሼ፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» ይሉታል፤ ያሳያቸዋል። ታንኳው ሲዞር ግን አጥሩ ላይ እግራቸውን የሚያነሡ ሰዎች አሁንም አሉ። ሰው ሲሄድበት ደግሞ መከተል ያምረዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሙሽራ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መምህር፣ እግራቸውን አጥሩ ላይ ሳያደርሱ እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ መልሷቸዋል። ከየት አወቅህ ይሉታል። ጉልበታችሁን አየሁ አይላቸውም። ፀሐይ ነው፣ ያዞራል ይላቸዋል።

የሞተውም እዚያው ነው። ውኃ ውስጥ አይደለም፤ በሁለት ዝግጅት መሃል ዋርካው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ። ጀማል ነው የነገረኝ። ቀጣዩ ወረፋ ሲጠራ አንተነህ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ሊነሣ ነው ብዬ መነጽሩን ማደል ጀመርሁ» አለኝ ጀማል። «ዝቅ እንዳለ ቀረ።»

ከአርባው በኋላ ጀማል ብቻውን መጣ። ዝግጅቱን ሊዘጋው እንዳሰበ ነገረኝ። ልጆቹም እዚያ መቆም ከብዷቸዋል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቀዛፊው አንተነህ ነው። አካሉ፣ አቀዛዘፉ ሁሉ እሱ ነው። ማየት ከፈለግሽ ሰው በሌለበት እከፍትልሻለሁ» አለኝ።

ብዙ አሰብሁ። ተንበርክኮ አየር ሲቀዝፍ የነበረው ሰውዬ በጉሙ ውስጥ ወደ እኔ ሲመጣ ታየኝ። ገመዱን ከፍ ያደረገችው የእማሆይ እጅም ታየችኝ። ጉልበቴ ዝቅ እንደሚል አወቅሁት፤ ማንም ቢይዘኝ እንደማልቆም አወቅሁት።

«አትዝጋው» አልሁት። «ጠርዙ ላይ ግን ማን ነው የሚቆም?»



አሁን ቅዳሜና እሑድ እኔ እቆማለሁ። ጠዋት መነጽሮቹን በረንዳው ላይ ብቻዬን እወለውላለሁ፤ ቅቤ ያለበት ሲያጋጥመኝ አላሸተውም። ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ሰዎቹ ታንኳውን ሲያዩ፣ እኔ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ጉልበታቸውን አያለሁ። መነጽር አላደርግም።